ፎልደራችሁን ይዛችሁ ኑ

ከሻጭ ወገን ነኝ። ላፕቶፕ ይዤ አማካሪ መሐንዲሶችና ተቋራጮች ቢሮ እየዞርኩ የዶክመንት ማኔጅመንት ሶፍትዌር ዴሞ አሳያለሁ፤ ጨረታ ሲወጣ ሰነድ እገዛለሁ፤ ከተሸጠ በኋላም ሶፍትዌሩን ከሚተክሉት ጋር አብሬ እሠራለሁ። እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ቡና ላይ ተገናኝተን የምናወራውና ደንበኛ ፊት የምናወራው አንድ አይደለም። ዛሬ የቡናውን ላውራ። ስም አልጠራም፤ አለቃዬም ይህን ባያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ዴሞ ላይ የምናሳያችሁ ፎልደር ታጥቦ የተተኮሰ ነው። የፋይሎቹ ስም አጭርና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ፒዲኤፎቹ በሙሉ ከዎርድ የወጡ ናቸው፤ አንድም ስካን የተደረገ የለባቸውም። ድሮዊንጎቹም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የቆሙ ናቸው። ፍለጋው በአንድ ሰከንድ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ሰርቨሩ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ስለተጫነ ነው። ማጭበርበር አልለውም፤ ሁሉም ሻጭ የሚያደርገው ነው። ግን እናንተ ቢሮ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም። እናንተ ጋ ያለው «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እና «ኢንጂነር ያዩት» ጎን ለጎን የተቀመጡበት ድራይቭ ነው፤ ሳይት ላይ የተሠራው በየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ልጅ ደግሞ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል።

ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ዴሞ የሚያሳየውን ሰው «በራሳችን ፎልደር አሳየን» በሉት። የተስተካከለውን አትስጡት። ካለቁት ፕሮጀክቶች መካከል ክርክር የተነሳበትን፣ ዲዛይኑ አሥር ጊዜ የተቀያየረበትን፣ ደብዳቤ የበዛበትን ምረጡ። የምስጢር ስምምነት አስፈርሙትና ኮፒውን ስጡት፤ የሳምንት ጊዜም ስጡት። አንዳንዱ ሻጭ እዚህ ላይ ድምፁ ይጠፋል። እኛ ጋም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቢሮው ውስጥ ትንሽ ጭንቀት አለ፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ የሚፈርሰው ድሮዊንጉ ነው። ደብዳቤ አንድ ፋይል ነው፤ ድሮዊንግ ግን ቤተሰብ ነው። የስትራክቸሩ መሐንዲስ የአርክቴክቱን ፕላን እንደገና አይሥለውም፤ በኤክስሬፍ አያይዞ ከሥር ያነጥፈውና የራሱን ከላይ ይሠራል። ኤሌክትሪካሉም ሳኒተሪውም እንደዚያው። አርክቴክቱ አንድ ግድግዳ ካንቀሳቀሰ ሁሉም ጋ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ አውቶካድ የሚይዘው ፋይሉን ራሱን ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን አድራሻ መሆኑ ነው። አድራሻው ከ«ዲ» ድራይቭ ጀምሮ ሙሉውን የተጻፈ ከሆነ፣ ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ሶፍትዌር በገቡ ማግስት እዚያ አድራሻ ላይ ማንም የለም። አውቶካድ ከ2018 እትሙ ወዲህ ማንም ሴቲንጉን ካልነካው አንጻራዊ አድራሻ ይጠቀማል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮጀክቶቻችሁ ግን ብዙዎቹ በሙሉ አድራሻ እንደተያያዙ ሰርቨሩ ላይ ተኝተዋል።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። የስትራክቸሩን ፕላን ትከፍታላችሁ። ኮለኖቹ ባዶ ሜዳ ላይ ተበትነው ቆመዋል። ግድግዳ የለም፣ በር የለም፣ ደረጃ የለም። የአርክቴክቱ ፕላን ሊሆን በሚገባው ቦታ አንዲት መስመር ጽሑፍ የጠፋውን ፋይል አድራሻ ይዛ ተጋድማለች። የኤክስሬፍ ዝርዝሩን ስትከፍቱ «ኖት ፋውንድ» ይላል። አንድ ቢሮ ውስጥ ይህ የታየው ዳታው በሙሉ ከተዛወረና አሮጌው ሰርቨር ከተጠረገ በኋላ ነበር፤ ያን ቀን ስብሰባው ውስጥ የነበረውን ዝምታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ለኢንጂነሪንግ ተብለው የተሠሩት ሶፍትዌሮች ይህን ዝምድና ያውቁታል። የአውቶዴስክ ቮልት፣ የቤንትሊ ፕሮጀክትዋይዝ፣ ሜሪዲያን የተፈጠሩት ለዚሁ ነው፤ አንዱን ፋይል ስታወጡ የተያያዙትንም ይዘው ይወጣሉ። ሼርፖይንትና እሱን የመሳሰሉት የቢሮ ሶፍትዌሮች ግን ዲደብሊውጂን እንደማንኛውም ፋይል ነው የሚያዩት። ያስቀምጡታል፣ ቨርዥን ይቆጥሩለታል፣ ዘመዶቹን አያውቁለትም። ስለዚህ ሻጩን «ዲደብሊውጂ ይይዛል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አዎ» ይላችኋል፣ አልዋሸም። «የአርክቴክቱን ፋይል ስም ብቀይረው የስትራክቸሩ ፋይል ያውቃል ወይ?» በሉትና እዚያው ፊታችሁ ይሞክረው።

ቨርዥንና ሪቪዥንንም አንድ አድርጎ ከሚያወራ ሻጭ ተጠንቀቁ። ቨርዥን ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚቆጠረው ነው። ሪቪዥን ግን ተፈርሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በትራንስሚታል ለተቋራጩ የወጣው ነው። ሳይት ላይ ያለው ፎርማን የሚሠራው በሪቪዥን ነው። ሠላሳ ቨርዥን የሚቆጥር ነገር ግን «ሪቪዥን 2 ለማን፣ መቼ ወጣ?» ለሚለው መልስ የሌለው ሶፍትዌር ለመሐንዲስ ቢሮ ውድ ፍላሽ ዲስክ ነው።

ስብሰባ ላይ የማይነሳም ጉዳይ አለ። ቢሮው ውስጥ ያለው አውቶካድ ክራክ ከሆነ፣ ከሱ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ሶፍትዌር የሚፈልገው ሕጋዊውን ነው። ሻጩ ይህን ገብቶ ሁለት ኮምፒውተር ሲያይ ያውቃል፤ ግን አይናገርም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው «ለካ የአውቶካድ ላይሰንስም ያስፈልጋችኋል» የሚባለው። አውቶዴስክ ደግሞ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር አዲስ ላይሰንስ መሸጥ ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያለው በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ነው። የቤታችሁን ሁኔታ ዋጋ ስትጠይቁ በግልጽ ንገሩት፤ ያኔ የሚመጣው ፕሮፎርማ እውነተኛው ይሆናል።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት እንውረድ። እዚህ የሚያፍረው ደግሞ የኢንጂነሪንጉ ሶፍትዌር ነው።

ቀኑን እንይ። ደብዳቤው የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደብዳቤው ላይ ያየችውን 30/02/2016 ብላ ትሞላለች። ሶፍትዌሩ እምቢ ይላል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለውማ። ጥቅምት 30 ነበር። ይኼ ደጉ ስህተት ነው፣ ራሱን ያጋልጣል። ክፉው 30/06/2016 ነው። ደብዳቤው የተጻፈው የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ ማርች 9 ቀን 2024። ሶፍትዌሩ ግን ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ያለአንዳች ቅሬታ ይመዘግበዋል። ደብዳቤው ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ወደ ኋላ ተጓዘ፤ ማንም አላወቀም። ጳጉሜን 5 ቀን 2015ን 05/13/2015 ብላችሁ ብትጽፉና ሴቲንጉ በአሜሪካ አጻጻፍ ቢሆን ደግሞ ሜይ 13 ይሆንላችኋል።

ይህ የመዝገብ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ የይገባኛል ጥያቄ ማስታወቂያውን ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ አለዚያ መብቱን ያጣል። የካቲት የገባውን ደብዳቤ ሶፍትዌሩ በሌላ ዓመት ከቆለፈው ግልግል ጉባኤ ፊት ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀኑ ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈ የሚገባበት አንድ ቦታ፣ ወደ ፈረንጁ ተቀይሮ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ። ግን ዴሞው ላይ ካልጠየቃችሁ ውሉ ውስጥ አይገባም፤ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ «ካስተማይዜሽን» ተብሎ ለብቻው ይከፈልበታል።

ፍለጋውንም በአማርኛ አሠሩት። «ሥራ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ «ስራ» ብሎ ለፈለገ ሰው አይመጣም። ኃይሌ፣ ሀይሌና ሃይሌ ለሶፍትዌሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ እንዲያይ ሊነገረው ይችላል። የፍለጋ ሞተሩ ኢላስቲክሰርች ወይም ሶለር ከሆነ የፊደል ማመሳሰያ ሠንጠረዥ የሚገባበት ቦታ አለው፤ የሚያውቀው ሰው ለብዙ ቀን የሚደክምበት ሥራ አይደለም። ሻጩ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ከፈጠጠ አማርኛ ዶክመንት ላይ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው።

የድሮ ፋይሎች ሌላ ጉድ አለባቸው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፉት ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደሉም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ናቸው፤ ፊደል የሚያለብሳቸው ፎንቱ ብቻ ነው። ሳይቀየሩ ከገቡ የትኛውም ፍለጋ አያገኛቸውም። ስካን የተደረጉትን ደግሞ ነጻው ቴሰራክት በአማርኛ ያነባቸዋል፤ ጥርት ያለ ህትመት ከሆነ ጥሩ ያነባል። ማኅተም ያረፈበት፣ ቲተር የተደረበበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይንተባተባል። ሥራ አስኪያጁ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «ለኮንትራት አስተዳደር ይመራ» ያሉትንማ ጭራሽ አያየውም። በኛ ቢሮ አሠራር ደግሞ የደብዳቤው ዕጣ የሚወሰነው እዚያች ጠርዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለማን እንደተመራና መቼ እንደተመራ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ቆይቷል፤ ማኅተም የሌለበትን ወረቀት የሚቀበል ቢሮ ግን እስካሁን ብዙ አላጋጠመኝም። ኦሪጅናሉ የትኛው ቦክስ ፋይል፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለም ሶፍትዌሩ ማወቅ አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ትንሽ ነገር። ሰው ፋይሉን የሚሰይመው በደብዳቤው «ጉዳዩ» ነው፤ ያ ደግሞ ይረዝማል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል፤ ቅጥያውና ክፍት ቦታው ሳይረሳ። ዝውውሩ መሐል ላይ ምክንያቱ ሳይገባችሁ የሚቀሩት ፋይሎች ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ወደ ጨረታው ልምጣ። የቴክኒክ መስፈርቱ ውስጥ የአንድን ሶፍትዌር ብሮሹር ቃል በቃል ሳነብ ማን ቀድሞኝ እንደገባ አውቃለሁ። ማወዳደሪያ ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ «ያሟላል» እና «አያሟላም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። ማንም ተጫራች «አያሟላም» ላይ ምልክት አያደርግም። ከላይ እስከ ታች «ያሟላል» ነው። ሠንጠረዡን በሙከራ ተኩት፤ የተሰጠውን ፎልደር አስገባ፣ ይህን ደብዳቤ በቁጥሩ አውጣ፣ ይህን ድሮዊንግ ከነኤክስሬፉ ክፈት፣ ባለፈው ሪቪዥንና በአሁኑ መካከል ማን ምን እንዳጸደቀ አሳይ። ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ይሁን።

ክላውድ ወይስ የራስ ሰርቨር ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ሲጠፋ ፋይሉ ውጭ አገር የነበረ ቢሮ ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ያስታውሳል። የራስ ሰርቨር ደግሞ መብራት፣ ዩፒኤስና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ይልቅ ዝም የምንለው ስለ ዶላሩ ነው። ዓመታዊ ኪራዩ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፤ ያ ሁሉ ኪራይ በብር ሲታሰብ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጥቂት ቢሮዎች ያኔ ነው እንደ አልፍሬስኮ ኮሚዩኒቲ፣ ማያን ወይም ፔፐርለስ ያሉትን ነጻዎቹን መጠየቅ የጀመሩት። ለደብዳቤው ወገን ይበቃሉ፤ ለኤክስሬፉ ግን አትመኑባቸው። እንደኔ ከሆነ፣ መካከለኛ ቢሮ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሶፍትዌር እንዲይዝ ራሱን ባያስጨንቅ ይሻላል። ለድሮዊንጉ አንድ፣ ለደብዳቤው ሌላ፣ የፕሮጀክት ቁጥሩ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት። ይህን አለቃዬ አይወደውም፤ እኛ የምንሸጠው ሁሉን በአንድ ነው።

እንዴት እንደምትወጡ ሳታውቁ አትግቡ። አልፍሬስኮ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ከፍታችሁ ብታዩ ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚሉ ፎልደሮች ውስጥ ረጅም ኮድ ስም ያላቸው፣ መጨረሻቸው «ቢን» የሆነ ፋይሎች ክምር ታገኛላችሁ። የትኛው ደብዳቤ፣ የትኛው ድሮዊንግ እንደሆነ የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ፋይሉን ብቻ ባክአፕ አድርጎ ዳታቤዙን የረሳ ድርጅት አውቃለሁ፤ ዲስኩ ሲበላሽ የቀረው ስም የለሽ ክምር ነው። ብዙዎቹ ትላልቅ ሶፍትዌሮችም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ሙከራው ላይ ያስገባችሁትን ፎልደር መልሶ ያውጣላችሁ፤ ፋይሎቹ በራሳቸው ስም፣ መረጃቸው በኤክሴል ሠንጠረዥ፣ የማጽደቅ ታሪካቸው ሳይቀር። ሲገባ የነበረውና ሲወጣ ያለው ይቆጠር።

ለምን አጥብቄ እንደምለው ልንገራችሁ። ዶክዩመንተም የሚባለውን ትልቅ ሶፍትዌር በ2003 ኢኤምሲ ገዛው፣ በ2016 ኢኤምሲን ዴል ገዛው፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ዴል ለኦፕንቴክስት ሸጠው። አኮኔክስ በ2018 ወደ ኦራክል፣ አልፍሬስኮ በ2020 ወደ ሃይላንድ ሄዱ፤ ዓመቶቹ በእ.ኤ.አ. ናቸው። በኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው። ስንጥቅ በዘጠነኛው ዓመት ቢታይ የስትራክቸሩን ስሌት የምታወጡት ከየትኛው ባለቤት ሶፍትዌር ነው?

ዴሞው ላይ የማትጠራ አንዲት ሴት አለች። ክፍሉ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ የአይቲው ልጅና ፋይናንስ ይቀመጣሉ፤ መዝገብ ቤት ያለችው ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ የተቀበለች ሴት ግን ታች ናት። አንድ ቦታ ሶፍትዌሩን ከተከልን በኋላ ልይ ብዬ ገባሁ። ደብዳቤ መጣ፤ መጀመሪያ በትልቁ መዝገብ ላይ ጻፈችው፤ ኮምፒውተሩን ዞር ብላም አላየችው።

«እትዬ፣ ለምን መጀመሪያ እዚህ አያስገቡትም?» አልኳት።

«ልጄ፣ ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ይኼ ስምንት ቦታ ሙዪ ይለኛል። መዝገቡ አንድ መስመር ነው።»

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነው በጅምላ የሚሞላው። የግድ የሚሞሉትን ቦታዎች ወደ ሦስት ስናወርዳቸው ነገሩ ተለወጠ። እሷን ዴሞው ላይ አስቀምጧት፤ የኮንትራት መሐንዲሱንም፣ ከሳይት አንድ ሰውንም። ሳይት ላይ ያለው ሰው እስከዛሬ ድሮዊንግ የሚቀበለው በቴሌግራም ነው፤ እስከ 2 ጊጋባይት ይልካል፣ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ አያስለፋም። አዲሱ ሶፍትዌር ከዚያ በላይ ካስቸገረው ወደ ቴሌግራም ይመለሳል፤ እናንተ ደግሞ ባዶ ሰርቨር ላይ ኪራይ ትከፍላላችሁ።

ስለ ጊዜውም ላንሳ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የማይክሮሶፍት የሒሳብ ዓመት ደግሞ ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23። እነዚያ ሳምንታት ላይ ገዢውም ሻጩም ይሮጣል። ቅናሹ እውነተኛ ነው፣ ጠይቁ፤ ነገር ግን በዚያ ግርግር ማንም ፎልደር አይሞክርም። ሙከራውን መጋቢት ላይ ጨርሱና ዋጋውን ግንቦት መጨረሻ ላይ ተደራደሩ። «ቅናሹ ነገ ያበቃል» ብሎ የሚደውልላችሁ ሰው የሚያበቃው የራሱ ኮታ ነው፤ ሐምሌ ላይም ብትደውሉለት ስልኩን ያነሳል። ክፍያውንም ከፋፍሉት፤ የመጨረሻው ድርሻ የሚለቀቀው ዳታው ሲገባ ሳይሆን ገብቶ፣ ተቆጥሮ፣ አንዴ ተመልሶ ሲወጣ ይሁን። እኛ በዚህ ላይ እንንጫጫለን፤ ግን እንፈርማለን።